ሙታንን መውቀስ ይቅር፣ የሕያዋን ቤት ይጽና

የመሬት መንቀጥቀጥ በአንድ አገር ላይ በደረሰ ቁጥር፣ ሙታን ገና ከፍርስራሹ ሥር ሳይወጡ፣ «ኃጢአታቸው ነው ያስጨረሳቸው» የሚል ፍርድ ከአንደበት ወደ አንደበት ይዛመታል። ፈራጁ ለዲኑ የተቆረቆረ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ አነጋገር አላህ (ሱ.ወ) ምድርን ከሚያስተዳድርበት ሥርዓትም፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ለኡመታቸው ካስተማሩት አደብም ጋር አይስማማም። ከዚህም በላይ ነገሩን ሁሉ በሟቾች ላይ ስለሚጭን፣ ሕያዋን ሊሠሩት የሚገባውን ሥራ ያስረሳል።

የምድር ጠንካራ ቅርፊት አንድ ወጥ አለት አይደለም፤ ፕሌት ተብለው በሚጠሩ ግዙፍ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። ከእነዚህ አንዱ የዐረቢያን ምድር የተሸከመው ንጣፍ ነው። ይህ ንጣፍ ከአፍሪካ እየተለየ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል፤ ቀይ ባሕርም የተከፈተው በዚሁ መለያየት ነው። ጉዞው በዓመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሰው ጥፍር እንኳ ከዚያ ፈጥኖ ያድጋል። ሆኖም በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ሲጠራቀም ባሕር ይወልዳል። መለያየቱ በኢትዮጵያ አፋር ምድር በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2005 በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ቅልጥ አለት ከሥር ገፍቶ ሲገባ፣ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ላይ ተለያየች፤ በአንዳንድ ስፍራም እስከ 8 ሜትር ሰፋች።

በደቡብ ከአፍሪካ የሚርቀው ይኸው ንጣፍ በሰሜን ከአናቶሊያ ምድር ጋር ይጋፋል። አለቶቹ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተቆላልፈው ግፊቱን ለረጅም ዘመን ይችሉታል፤ አቅማቸው ሲያልቅ ግን በሰከንዶች ውስጥ ተላቀው ይንሸራተታሉ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ቱርክንና ሶርያን የመታውና ከ50 ሺህ በላይ ሰዎችን የነጠቀው፣ መጠኑ 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት የዚህ ግፊት ውጤት ነበር። ግፊቱ መጠራቀም የጀመረው ሟቾቹ ከመወለዳቸው አስቀድሞ ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ቀደርን መካድ አይደለም፤ ምክንያቱንም ውጤቱንም የፈጠረው አላህ ነውና። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ፣ ሰዎች የተጋረደችው ለእርሱ ሞት ነው አሉ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሞትም ሆነ መወለድ እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ያን ጊዜም ወደ ሶላትና ወደ ዱዓ መጣደፍን አዘዙ። በሕንፃ መደርመስ የሞተን ሙእሚንም ከሸሂዶች ቆጥረውታል። እርሳቸው ሸሂድ ያሉትን በኃጢአተኛነት መፈረጅ ከባድ ድፍረት ነው።

እርግጥ ቁርኣን ትእዛዝን በመጣሳቸው በርዕደ መሬት የጠፉ ሕዝቦችን ታሪክ ይተርካል። ያ ግን በወሕይ የተነገረ እውነት ነው። ወሕይ የማይመጣለት ሰው በዛሬ ሟች ላይ የሚፈርደው በየትኛው ማስረጃ ነው?

የመዲና ታሪክ የተሻለውን መንገድ ያሳያል። በ654 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1256፣ ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ባለው ስፍራ ምድር ለቀናት ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎም ተሰንጥቃ ለ52 ቀናት እሳት ተፋች። ቅልጥ አለቱ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ፈስሶ ከመዲና 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ቆመ። በመዲና ዙሪያ «ሐራ» እየተባለ የሚጠራው ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ እንዲህ ባለ ፍሰት የተፈጠረ ባዛልት ነው። በዚያ ጭንቅ የከተማይቱ ሰዎች በነቢዩ መስጊድ ተሰብስበው ተውበት አደረጉ። ምልክቱን ያነበቡት በራሳቸው ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከመዲና በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው ሐራት ሉነይር ቅልጥ አለት ወደ ላይ ሲገፋ ከ30 ሺህ በላይ ነውጦች ተመዘገቡ። መንግሥት 40 ሺህ ያህል ነዋሪዎችን ከአካባቢው አስወጣ፤ ቅልጥ አለቱም ገጸ ምድር ላይ ሳይደርስ ቀረ፤ ሕዝቡም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዱዓውና መሣሪያው አልተጣሉም።

ቀሪው ጉዳይ ቤት ነው። በርዕደ መሬት ከሚሞተው ሰው አብዛኛውን የሚገድለው የምድር መናወጥ ሳይሆን በላዩ የሚወድቀው ግንብ ነው። በቱርክም ከአደጋው በኋላ የተደረመሱ ሕንፃዎችን የሠሩ ተቋራጮች ታስረው ተጠይቀዋል። ሲሚንቶ የሚሰርቅ፣ ብረት የሚያሳንስ ሰው አማናን የበላ ነው፤ የእርሱን ጥፋት ለሟቾች መስጠት ደግሞ ሁለተኛ በደል ነው።

ይህ ነገር በዐረብ አገራት በላባቸው ለሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። ብዙዎች ያጠራቀሙት ገንዘብ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በአዳማ ቤት ሆኖ ይቆማል፤ እነዚህ ከተሞች በስምጥ ሸለቆው ውስጥና ዳርቻ የተቆረቆሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ርዕደ መሬት በካራ ቆሬና በማጀቴ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ ነውጥም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አንቀሳቅሷል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

በስደት ላለ ባለቤት በስልክ የሚላክለት ፎቶ ቀለሙንና መስታወቱን ያሳየዋል፤ በኮንክሪት ውስጥ የተቀበረውን ፌሮ ግን አያሳየውም። ስለዚህ ለሴራሚክ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ተቀንሶ፣ ኮንክሪቱ ሳይሞላ የኮለኑን ፌሮ ቆጥሮ ለሚያረጋግጥ መሐንዲስ ይከፈል። በዚያ ቤት የሚያድሩት እናትና ልጆች ናቸውና።