«እንደገና ራን አድርገው» ቴስት አይደለም

ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሶፍትዌር ቴስት ማድረግ ስራዬ ብላችሁ የያዛችሁ አላችሁ፤ ደስ ይለኛል። ደስ የማይለኝ ወሬያችሁ ነው። «ቲቸር፣ አውቶሜትድ ቴስቱ ጠዋት ያልፋል፣ ከሰዓት ይወድቃል። ሲወድቅ እንደገና ራን እናደርገዋለን።» ከዚያ አረንጓዴ ሲሆን ሪፖርት ይላካል። አንድን ተማሪ እስኪያልፍ ድረስ ያንኑ ፈተና አስር ጊዜ ብሰጠው ውጤቱን ታምኑታላችሁ?

ኮዱን ከመውቀሳችሁ በፊት ቴስቱ የሚሮጥበትን ዴስክቶፕ እዩት። እኛ አቃቂ ቃሊቲ መብራት ሄዶ ሲመጣ አሮጌ ኮምፒውተር ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ከሞተች ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ብሮውዘሩ የሳይቱን ሰርተፍኬት አልቀበልም ይላል፣ ቴስቱ ይወድቃል። ባትሪዋን መቀየር እያለ ኔትወርኩን ሲረግም የሚውለው ስንቱ ነው! አንዳንዱ ደግሞ ሆን ብሎ ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ያስተካክለዋል፤ ማሽኑ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ በሰዓት የሚሰራ የመግቢያ ኮድ እንዴት ይስራ? ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከተተወ፣ እንደ ሰው ቁልፍ እየተጫነ የሚጽፍ ቴስት የጽሑፍ ሳጥኑን በፊደል ሊሞላው ይችላል። (ይሄን ሳስበው ያስቀኛል።)

ቴስት የራሱ ማሽን ይኑረው፤ ሌላ ሰው ኤክሴል የሚከፍትበት አይሁን። ስሊፕና ስክሪን ሎክ ይጥፉ፣ የስክሪኑ መጠን አይቀያየር፣ ብሮውዘሩ እናንተ ስትወስኑ ብቻ አፕዴት ይሁን። በሪሞት ዴስክቶፕ ገብታችሁ መስኮቱን ዘግታችሁ ከወጣችሁ ዊንዶውስ ስክሪኑን ይቆልፈዋል፤ ቴስቱ የሚጫነውን በተን አያገኝም። ከእያንዳንዱ ዙር በፊትም ማሽኑ ወደ ንጹህ ሁኔታው ይመለስ። ኢንተርኔት ቤቶች በዲፕ ፍሪዝ ሲያደርጉት የነበረ ነገር እኮ ነው፣ አዲስ ሳይንስ አይደለም።

«በጀት የለም» አትበሉኝ። ጥግ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጫኑ፤ ኤክስቪኤፍቢ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ምናባዊ ስክሪን ስለሚፈጥር ሞኒተር እንኳ አትገዙም። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ የማስተካከል ትዕግስት ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ባንኩም፣ ክፍያውም ወደዚያው እየሄደ ነው። እናንተ «አልፏል» ያላችሁት ሶፍትዌር ፊት ነገ የሚቀመጠው አሁን ክፍሌ ውስጥ ያለው ልጅ ነው፤ እሱ እንደገና ራን የሚያደርገው ነገር የለውም። ቢያንስ ሪፖርቱ ላይ በስንተኛው ሙከራ እንዳለፈ ጻፉበት።