የድረ ገጽ ተደራሽነት የፕሮግራመር ሥራ ብቻ ነው?

ስለ ድረ ገጽ ተደራሽነት ሲነሳ በእኛ ዲፓርትመንት የሚሰማው መልስ ያው ነው፤ «እሱ የኮምፒውተር ልጆች ሥራ ነው»። እኔ በዚህ አልስማማም። ደብሊው ስሪ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት የመጀመሪያውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999፣ 2.2 የሚባለውን ደግሞ በ2023 አውጥቷል። ስሙ «የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ» ነው። ይዘቱን የሚጽፈው ማን ሆነና? እኛው ነን እኮ!

ርዕስን እንውሰድ። ብዙዎቻችን ፊደሉን አተልቀንና አድምቀን ርዕስ ሠራን እንላለን። ለዓይን ይመስላል። ማየት የተሳነው አንባቢ ግን በስክሪን ሪደር ሲጠቀም የሚፈልገውን የሚያገኘው ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ነው። በርዕስነት ካልተመዘገበ ሶፍትዌሩ እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ያነበዋል፤ ሰውየውም ገጹን ከላይ እስከ ታች ለማዳመጥ ይገደዳል። ሊንኮችን ብቻ ለይቶ ለሚያዳምጥ ሰውስ አሥር ጊዜ «እዚህ ይጫኑ» ቢባል ምን ይገባዋል?

የባሰው ግን የማስታወቂያ ነገር ነው። በኮምፒውተር የተጻፈ ማስታወቂያ ይታተማል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ከዚያ ፎቶ ተነስቶ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ለስክሪን ሪደር ይህ ጽሑፍ ሳይሆን ስዕል ነው። «በድረ ገጻችን አውጥተናል» ይባላል፤ ለማን? ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም አማርኛ ያነባል (ድምፁ የሮቦት ቢሆንም)። ጽሑፉን በጽሑፍነቱ መለጠፍ ምን ያህል ይከብዳል?

«በመፈተሻ ሶፍትዌር አልፏል» የሚባለውም ያሳስታል። መፈተሻው ፎቶው መግለጫ እንዳለው ያያል እንጂ መግለጫው እውነት ይሁን ውሸት አያውቅም። የምረቃ ፎቶ ላይ «የገበያ ውሎ» ብትሉበትም ያልፋል። ደግሞ አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ለጌጥ ለገባች መስመር ሳይቀር መግለጫ ይደረድራል፤ መመሪያው ግን ለጌጥ ምስል መግለጫው ባዶ ይሁን፣ ስክሪን ሪደሩም ይለፈው ነው የሚለው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 21 መገናኛ ብዙኃንን በስም ይጠራል። ስለዚህ ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል። የላብራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ ይጫንልንና ዜና ከማስረከባችን በፊት ሞኒተሩን አጥፍተን እናዳምጠው።