መዝገብም ግልባጭ ይኑረው



በእኛ በጨፋ ሸለቆ፣ በከሚሴ ከተማ፣ ኮምፒዩተር አፕዴቱን ደጋግሞ «አልተሳካም» ሲል የሚወቀሰው ኔትወርኩና መብራቱ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ አንዳንድ ጊዜ ፋይሉን የያዘው ኤስ.ኤስ.ዲ. መድከም ነው። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ ሲያረጅ ይንቋቋል፤ ይኸኛው የሚሽከረከር አካል ስለሌለው በዝምታ ይሞታል። ስለዚህ ባለሙያው ዊንዶውስን እንደገና ከመጫኑ አስቀድሞ የተማሪው ውጤትና የባለጉዳዩ ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ፤ ቀጥሎም የዲስኩ ጤንነት ይመርመር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ወደ 11 የሚሸጋገር መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል። ለአንዲት ደብዳቤ እንኳ ግልባጭ የምናስቀር ሰዎች፣ ለብዙ ሕዝብ መዝገብ ግልባጭ መንፈጋችን ያስገርማል። ዲስክ ይገዛል፤ የጠፋ መዝገብ ግን ከየት ይገዛል?

አንድ የ2ኛ ደረጃ መምህር
ከከሚሴ