ቅሬታ መውጫ ሲያጣ ሠራተኛው ይወጣል



የፋብሪካዎቻችን የሠራተኛ ፍልሰት በተነሳ ቁጥር ከአሠሪዎች በኩል የሚሰማው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሠራተኛው ከገጠር የመጣ ነው፣ የፋብሪካ ሥርዓት አልለመደም፣ ጥቂት ብር የጨመረለት ካገኘም ይሄዳል። በእኔ እምነት ግን የጠባይ ጉዳይ ተደርጎ የሚወራው ነገር በአብዛኛው የመነጋገር እጦት ነው። ቅሬታውን የሚያሰማበት በር የተዘጋበት ሰው የሚቀረው የፋብሪካው በር ብቻ ነው።

የችግሩ ስፋት አያጠያይቅም። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ባካሄዱት ጥናት፣ ከተቀጠሩት መካከል ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ትተዋል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሪፖርትም ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወራት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የሚተኩ ያህል እንደነበር ገልጿል። በዚያው ሪፖርት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው «ታዲያ ጉዳዩ ደመወዝ እንጂ ንግግር ነው?» ቢለኝ አልፈርድበትም። የቤት ኪራይ የማይሸፍን ክፍያ በመልካም ቃል አይካካስም። ሆኖም ደመወዝ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ድምፁን ማሰማት የሚችል ሰው ለመልቀቅ እንደማይቸኩል ተከራክሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ይህንኑ በህንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ፈተኑት። የደመወዝ ጭማሪው ከተጠበቀው በታች ሆኖ ሠራተኛው ባዘነበት ሰሞን፣ በዕጣ የተመረጡ ሠራተኞች ስማቸው ሳይገለጽ ስለ ሥራ ሁኔታውና ስለ ሱፐርቫይዘራቸው እንዲናገሩ ተደረገ። ከነዚህ መካከል ሥራ የለቀቁትም ከሥራ ገበታ የቀሩትም ካልተጠየቁት ያነሱ ሆኑ፤ ለውጡም ይበልጥ የታየው በጭማሪው እጅግ ባዘኑት ላይ ነበር። ደመወዙ ያው ነው፤ የተለየው መጠየቃቸው ነው።

«የአስተያየት ሳጥን አለን» የሚል አሠሪም አይጠፋም። ሳጥኑን የሚከፍተው ቅሬታ የቀረበበት አለቃ ራሱ ከሆነ፣ ወይም የገባው ወረቀት መልስ ሳያገኝ ከከረመ፣ ሠራተኛው የሚማረው አለመናገርን ነው። በስፌት መስመር ላይ ከአለቃ የሚሰማው የሰዓቱ የምርት ኮታ ብቻ በሆነበት፣ ኃላፊው ከውጭ አገር በመጣበትና ቋንቋ በማያግባባበት ቦታ ደግሞ ብዙዎች «ሆድ ይፍጀው» ብለው ሰንብተው አንድ ቀን ይቀራሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እንዲህ ያለው ዝምታ ግን ይነቅዛል።

ሠራተኛው እንዲናገር መፍቀድ ጥያቄ ያበዛል፣ የሥራ ሰዓትም ይሻማል የሚለው ሥጋት ወጪውን በአንድ ወገን ብቻ ያሰላል። በየወሩ አዲስ ሰው መቅጠር፣ ማሠልጠንና እጁ እስኪፈታ መጠበቅም ወጪ ነው። ሕጉም ቢሆን መንገድ አበጅቷል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። ጥያቄን በተወካይ አማካይነት በጠረጴዛ ዙሪያ መቀበል፣ በድንገት ከሚቆም የስፌት መስመር ይረክሳል።

ስለዚህ ፋብሪካዎች ሦስት ነገር ያድርጉ። አዲስ ሠራተኛ ከመፈረሟ በፊት ተቆራጩ ወጥቶላት በእጇ የሚገባው ደመወዝ ስንት እንደሆነ በምትሰማው ቋንቋ ይነገራት። ቅሬታዋን ከቅርብ አለቃዋ ውጪ ላለ ሰው ታቅርብ። መልሱም «አይሆንም» ቢሆን እንኳ፣ በታወቀ ቀን ከነምክንያቱ ይድረሳት። የማይቻለውን ከነምክንያቱ ሰምታ የምትወስን ሠራተኛ ሁሉ ትቆያለች አልልም፤ ብትሄድ ግን ፋብሪካው ለምን እንደሄደች ያውቃል፣ ቀጣይዋን ለማቆየትም ምን ማስተካከል እንዳለበት አይጠፋውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ