አያሌው መስፍንን በሕይወት እያለ

ከወልድያ ተነስቶ ዲልብን ወጥቶ በጋሸና በኩል ፍላቂት የሚገባ መኪና ዘፈን አያጣም። የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ይከፈታል፣ የዘንድሮ ወጣቶችም ይከተላሉ። የአያሌው መስፍን ግን ሲከፈት ሰምቼ አላውቅም። ያንገበግበኛል። አያሌው እኮ የወልድያ ልጅ ነው!

ባቲና አምባሰል የወሎ ናቸው ብለን ስንኮራ እንኖራለን፤ እውነትም ነው። እነዚያን የቆዩ ቅኝቶች በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ታጅቦ ያዜመውን የራሳችንን ሰው ግን ዘነጋነው። በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ባንዱን ይዞ በአሊ አብደላ ካይፋ፣ አሊ ታንጎ በምንላቸው አሳታሚ በኩል ያወጣቸውን ሸክላዎች አዳምጡ። ጊታሩ ይንተከተካል፣ ቤዙ እግር አያስቀምጥም፤ የጄምስ ብራውን ዘመን ሶልና ፈንክ መሆኑ ገና ሲጀምር ይታወቃል። ድምፁ ሲገባ ትከሻ ሳይጠየቅ ይነሳል። የዚያን ዘመን ዘፋኞች የፈረንጅ ኮራጆች የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበልም። ኮራጅ እስክስታ አያስመታም።

ለእነዚህ ዘፋኞች በር የከፈተላቸው ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ነበር። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሌሊቱን ሙሉ ጨፈረች።

ጭፈራው ግን ብዙም አልቆየም። ዲስኮ የዓለምን ከተሞች እስኪነጋ ባስጨፈረበት በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ በጊዜ በሯን ትዘጋለች፤ ቀይ ሽብር ነው። ሀገር ጥለው የወጡ ድምፃውያን አሉ። ሀገር ውስጥ የቀሩት በተዘጋ ሆቴል ውስጥ፣ እንግዳው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል፣ አብረው ያድሩ ነበር። አያሌው በዘፈኖቹ ምክንያት ታሰረ፤ ከእስር ከተፈታም በኋላ ለ13 ዓመት ከሙዚቃ ታገደ። አንድ ዘፋኝ ድምፁ በሚያምርበት እድሜው 13 ዓመት! ስንት ሸክላ፣ ስንት ካሴት፣ ስንት የወሎ ዜማ አብሮ እንደቀረ ማን ይቆጥረዋል?

ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ኖረ። «ሐሳቤ»ን ጨምሮ የድሮ ሥራዎቹን በ2018 እ.ኤ.አ. እንደገና በሸክላ ያሳተመው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ፈረንጆቹ ላደረጉት አመሰግናለሁ፤ ቅድሚያው ግን የእኛ መሆን ነበረበት።

ዓለማየሁ እሸቴ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ሲያርፍ ሁላችንም የምስጋና ቃል አላጣንም። ለአያሌው ግን ምስጋናው በጆሮው ይግባ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይጋብዘው፤ የትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበባት ዘፈኖቹን ያጥኑ። በመቄትም ሆነ በላስታ ከሣጥን ሥር የተረሳ ሸክላ ወይም ካሴት ያለው ሰው ካለ፣ ዘንድሮ አውጥቶ ያስቀዳው።