ኮከብ አጥቂ ይሸጥ ወይስ ይቆይ? ከቡና እስከ ጂንካ

የዝውውር ጊዜ በመጣ ቁጥር የማይቀር ክርክር አለ፦ ኮከብ አጥቂያችን ይሸጥ ወይስ ይቆይ? ኤንቢኤ የሚከታተሉት ልጆች ስለ ያኒስ አንቴቶኩምፖ ይከራከራሉ፣ የእግር ኳሱ ወገን ስለራሱ ክለብ። እኛ ዛሬ ክርክሩን ወደ አገራችን፣ ከዚያም ወደ ጂንካ ልናመጣው ነው። እዚህ ሲደርስ ጥያቄው ይለወጣል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ክለብ ኮከቡን አይሸጥም፣ አያቆይምም፤ ዝም ብሎ ያጣዋል።

መጀመሪያ የተሸጠውን እንይ። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አገባ። ከሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም. ለደደቢት ያስቆጠረው 25 ነበር። ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባህር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ በሚደረጉበት፣ በዲኤስቲቪ በቀጥታ በሚታዩበት ዓመት ስለሆነ ልጁን ያላየ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አስፈረመው። ቡናም የጀመረውን ዓመት ከክለቡ ጋር እንዲጨርስ አድርጎ ነው የሸኘው።

ያኔ ብዙ የቡና ደጋፊ ተናዶ ነበር። «29 ጎል የሚያገባ ልጅ ይሸጣል እንዴ?» እሺ፣ ግን አንድ ነገር እንይ፦ አቡበከር 29 ባገባበት ዓመት እንኳ ዋንጫውን ያነሳው ፋሲል ከነማ ነው፣ ቡና ሁለተኛ ወጣ። ማለትም ክለቡ ሊያገኝ የሚችለውን ትልቁን ጎል አዳኝ ይዞም ዋንጫው አልመጣም። ቡናማዎቹ ሊጉን ያነሱት አንድ ጊዜ፣ በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ከሱ ጋርም ያለሱም አልደገሙትም። ስለዚህ «ቢቆይ ኖሮ» የሚለው ነገር ለእኛ ብዙም አያሳምንም። ልጁ ደግሞ ሰንዳውንስ ከገባ በኋላ በጉዳት ብዙ ጊዜ ከሜዳ ራቀ። ያው ጉዳት ቡና እያለ ቢደርስበትስ? ክለቡም ልጁም ባዶ እጃቸውን ነበር የሚቀሩት። በ22 ዓመቱ፣ ዋጋው ጫፍ ላይ እያለ መሸጡ ትክክል ነበር እንላለን።

ማቆየት ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለታችን አይደለም። ሚልዋኪ ያኒስን በ2013 እ.ኤ.አ. በ15ኛ ምርጫ ወሰደችው፣ ታገሰችው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ረጅም ውል አስፈረመችው፤ በነጋታው ዓመት ከ50 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳች፣ እሱም በመጨረሻው ጨዋታ 50 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚያ ወዲያ ግን ከ2023 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ለሦስት ተከታታይ ዓመት ከመጀመሪያው ዙር ተሰናብታለች፤ የይሸጥ ወሬውም የመጣው ከዚያ ነው። ዳላስ በበኩሉ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን ተቀበለ፤ ደጋፊው አበደ፣ ዝውውሩን የፈጸመው ሥራ አስኪያጅም ዓመት ሳይሞላው ተባረረ። ግን ሁለቱም ክለቦች አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፦ ውል። ልጁን ስትለቀው በምትኩ የሆነ ነገር እጅህ ላይ ይገባል።

የኛ አገር ጉድ እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ተጫዋች የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። የፊርማ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ይጫወታል፣ ውሉ ሲያልቅ መልቀቂያውን ይዞ ውልቅ። ክለቡ ሳንቲም አያገኝም፤ ክረምት ላይ እንደገና ሌላ አጥቂ ለማስፈረም ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘቡ ደግሞ ከየት ነው የሚመጣው? ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። የኛው ግብር ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ ከጀርባ ስለሚከፈል ገንዘብ ግን ወሬው አልቆመም። ጣሪያ መስራቱ አንድ ነገር ነው፤ የአንድ ዓመት ውል ግን ጣሪያ ቢኖረውም ባይኖረውም ክለቡን ያከስራል።

አሁን ወደ ሰፈራችን። በከተማው መሐል የነበረው የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሳር ላይ ኳስ ያልተንከባለለበት ዘመን የለም። ጂንካም ሆነ በኦሞ ዙሪያ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሞልቷል፤ ኳስ የሚችል ልጅ ሊያይ የሚመጣ መልማይ ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ጎበዝ የሆነ ልጅ በኮንሶ በኩል አድርጎ አርባ ምንጭ ወይም ሐዋሳ ይሄዳል፣ እዚያ «ይገኛል»። ከአምስት ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ስናየው «የኛ ልጅ!» እንላለን፣ በቃ። ያሰለጠነው አሰልጣኝ፣ ኳስና ማሊያ ከኪሱ የገዛ ሰው፣ ምንም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ አለ። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። ስሌቱን እንስራው፦ ከ12 እስከ 18 ዓመቱ አንድ የጂንካ ክለብ ውስጥ ያደገ ልጅ፣ በኋላ ሌላ ክለብ በ500 ሺህ ዶላር ቢሸጠው፣ የጂንካው ክለብ ድርሻ 2.5 በመቶ፣ ማለትም 12,500 ዶላር ነው። በዛሬው ምንዛሪ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ። ይህ ገንዘብ ለትንሽ ክለብ ስንት ኳስ፣ ስንት ጫማ፣ ስንት የመኪና ነዳጅ እንደሆነ አስቡት። ክለቡ ፕሮፌሽናል መሆን እንኳ አይጠበቅበትም።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ክለቡ በፌዴሬሽኑ የታቀፈ፣ ልጁም በስሙ የተመዘገበ መሆን አለበት። «ፕሮጀክት» ብለን የምንጠራው የሰፈር ቡድን ቴሴራ ካላወጣ፣ ልጁ እዚያ አሥር ዓመት ቢጫወት እንኳ በወረቀት አልነበረም ማለት ነው። ዕድሜውም እንደዚሁ፤ ለታዳጊ ውድድር ተብሎ ሁለት ሦስት ዓመት የተቀነሰለት ልጅ በየመዝገቡ የተለያየ የልደት ዓመት ይዞ ሲገኝ ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ይቀራል። ኧረ ይሄ ነገር በኛ ብቻ አይደለም፣ በየዞኑ ያለ ነው፤ ግን ከሜዳው የራቀ ክለብ ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

ስለዚህ «ይሸጥ ወይስ ይቆይ?» ለሚለው የኛ አቋም፦ የደቡብ ኦሞ ክለብ ኮከቡን ይሽጥ። ዋንጫ ሊያነሳ እስካልተቃረበ ድረስ ልጁን በግድ ማቆየቱ ለማንም አይጠቅምም፤ የልጁ ዕድሜም አይጠብቅም። ግን ለመሸጥ መጀመሪያ የምትሸጠው ውል ሊኖርህ ይገባል። የሦስት ዓመት ውል፣ ለልጁም በየዓመቱ የሚጨምር ደመወዝ፣ ወደፊት ሌላ ቦታ ሲሸጥ ለመጀመሪያው ክለብ ፐርሰንት የሚል አንቀጽ። ደመወዙ በወቅቱ ካልተከፈለ ግን ረጅም ውል ልጁን ማሰር ነው የሚሆነው፤ ያኔ ልጁ ትቶ ቢሄድ አንፈርድበትም።

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ኳስ የምታሰለጥኑ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ጠይቁልን፦ ቴሴራ አላቸው? ካላቸው የማን ክለብ ስም፣ የትኛው ዓመተ ምህረት ተጽፎበታል? መልሱን ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ያለውን ሁኔታ ሰብስበን ለዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት እናቀርባለን።