የሕክምና ተማሪ የመጀመሪያ ስህተቱ በማን ላይ ይኹን?

ምጥ ይዟት ሆስፒታል የደረሰች እናት፣ አጠገቧ የቆመው ተለማማጅ ሐኪም ያንን ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቶት ያውቅ እንደኾነ አትጠይቅም። መልሱ ግን የእርሷንና የልጇን ሕይወት ይወስናል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የክህሎት ቤተ ሙከራ የሚያደራጁት የተማሪው የመጀመሪያ ስህተት በሕመምተኛ ሳይኾን በሰው አምሳያ ላይ እንዲኾን ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የኖርዌዩ አሻንጉሊት ሠሪ ኦስሙንድ ላርዳል ትንፋሽ ለመመለስ መለማመጃ የሚኾን የሰው አምሳያ ያስተዋወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችም በምስለ በረራ ይሠለጥናሉ።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ይበልጥ አንገብጋቢ የኾነው የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ነው። በ2004 ዓ.ም. ብቻ በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ተጀምሯል። በአንድ ሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ሲቆም፣ ከኋላ ያለው ከማየት አልፎ በእጁ አይሠራም።

ተማሪዎች ሥልጠናውን በአብዛኛው ይወድዱታል። ፍርሃት ይቀንስላቸዋል፤ ሕመምተኛን ሳይጎዱ ደጋግመው ይሞክራሉ። ቅሬታቸውም አለ፦ አምሳያው አያቃስትም፣ አይጨነቅም፣ ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ አያለቅስም። አንዱን አምሳያ ብዙዎች ሲጋሩትም ልምምዱ ተመልሶ ማየት ብቻ ይኾናል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላም ነገር አለ። በራስ መተማመን ክህሎት ማለት አይደለም። ሲወለድ ያልተነፈሰ ሕፃን በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ እንዲያገኝ መረዳት አለበት። ይህን አንድ ጊዜ የተማረ እጅ ካልደጋገመው በወራት ውስጥ ይዘነጋዋል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ከሚሰጥ ረዥም ሥልጠና ይልቅ፣ በማዋለጃ ክፍሉ አቅራቢያ በየጊዜው የሚደረግ አጭር ልምምድ ይበልጣል።

መፍትሔው ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንዲት አሠልጣኝ በወገቧ ታጥቃው እንደ ወላድ የምትኾንበት መለማመጃ አለ፤ ተማሪው ደም መፍሰስን ማስቆም ብቻ ሳይኾን እናትን ማነጋገርንም ይማርበታል። ከመሣሪያው በላይ ወሳኞቹ ስህተትን ሳያሳፍር የሚያርም መምህርና ከክፍል ሰዓት ውጭም የማይቆለፍ በር ናቸው።

ዛሬ በአምሳያ ላይ የሚለማመደው ተማሪ ነገ በወረዳ ሆስፒታል በሌሊት ብቻውን ተረኛ ይኾናል። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ የመጣች እናት የምታገኘው፣ ያ ቤተ ሙከራ ያሠለጠነውን እጅ ነው።